ቦርሳዬን ይያዙልኝ

ልጄ አስር ዓመት ሊሞላው ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፣ የሚጥል በሽታም ጨምሮ። አይራመድም። ከጥቂት ቃላት በቀር አይናገርም። የሚሰማውን ግን አንድ ሳይቀር ይረዳል፤ ምነው ባልሰማ የምለውን ጭምር። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው፣ እዚህም ማሙሽ ልበለው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባቡሩ አያት ላይ ካለቀ በኋላ ገና ታክሲ የሚያዝበት፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው ከሰው ጋር ቤት የሚገባበት ሰፈር።

ስለ ሕክምናው ብዙ አላወራም፤ እሱን ሐኪም ይንገራችሁ። እኔ የማወራው ስለ ሰው ነው። ስለ ዘመድ፣ ስለ ቤት አከራይ፣ ስለ ታክሲ ረዳት፣ ስለ ጎረቤት። ልጄን ማንሳትና ማስቀመጥ ወገቤን አሞኛል፤ ሰው ግን ከዚያ በላይ አድክሞኝ ነበር። አሁን እንደ በፊቱ አይደለሁም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ማሳደግ ገና ለጀመራችሁት ትንሽ ካቀለለላችሁ ብዬ።

ማሙሽ ሲወለድ አላለቀሰም። ምጡ ረዝሞ ታፍኖ ነበር። ኦክስጅን ተደርጎለት፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሰንብቶ፣ "ደህና ነው፣ ውሰዱት" ተባልን። ወሰድነው። እኩዮቹ አንገታቸው ሲጠና የእሱ አልጠና አለ። ጡት ሲጠባ ይደክመዋል፣ እጁን ጨብጦ አይፈታም፣ ሳለብሰው እግሮቹ ይቆላለፋሉ። ክትባት ስወስደው ጠየቅኩ። "ወንድ ልጅ ይዘገያል" አሉኝ። ጎረቤት ጠየቅኩ። "ወንድ ልጅ ይዘገያል።" አክስቴም እንደዚያው፤ እንዲያውም የራሷ ልጅ ሁለት ዓመት አልፎት ነው የቆመው ብላ ማለች። እህቶቼ፣ ይህን አባባል ስትሰሙ አመስግናችሁ እለፉት። ሕፃን በአራት በአምስት ወሩ አንገቱን ካልያዘ፣ በዘጠኝ ወሩ ሳይደገፍ ካልተቀመጠ፣ ገና በጨቅላነቱ አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወንድም ይሁን ሴት የሕፃናት ሐኪም ይየው።

በመጨረሻ የበሽታውን ስም የነገረን ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው የነገረን። የት እንደሆነ ይቅር። "ጭንቅላቱ ተጎድቷል፣ የሚድን አይደለም፣ ገና ልጅ ነሽ ሌላ ውለጂ" አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ሌላ ውለጂ! የያዝኩትን የት ላድርገው?

ያኔ ማንም ቁጭ ብሎ ያላስረዳኝን ባጭሩ ላስረዳችሁ። ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው። ጉዳቱ በእርግዝና ጊዜ፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ያለጊዜ መወለድ፣ መታፈን፣ ያልታከመ ከባድ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየባሰ አይሄድም። ጡንቻና መገጣጠሚያ ግን ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል፣ ፊዚዮቴራፒው ለዚህ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንዲህ ያሉ ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ መኖሩ የተለመደ ነው፤ እሱም አይጋባም። ይህን በቃላችሁ ያዙት፤ ምክንያቱም በቀን በቀን ትጠየቃላችሁ፣ ያልተዘጋጀ ሰው ደግሞ ወይ ያለቅሳል ወይ ይሳደባል።

መጀመሪያ የመጣው ዘመድ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ተሰብስበው "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" አሉ። የእኔዎቹም ተሰብስበው "በእኛም ዘር የለም" አሉ። ልጁ ከየት እንደመጣ እንጃ! አንዷ በእርግዝናዬ ጊዜ ምን አይቼ እንደደነገጥኩ ጠየቀችኝ። ሌላዋ የማን እርግማን እንዳለብኝ። ቡዳ ነው ያለም አለ። ባለቤቴ ሲኖትራክ ነጂ ነው፣ ብዙ ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያድረው፣ ስለዚህ ይህን ሁሉ የምሰማው ብቻዬን ነበር። እሱም ደግሞ የራሱ አመል ነበረው። ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ "ሲመሽ እንውጣ" ይላል። ሲመሽ፣ ልጁ በጋቢ ተሸፍኖ። ሠርግ ላይ ልጁ ከሠራተኛ ጋር ቤት ይቀራል። ማንም "ደብቁት" ብሎ አልተናገረም፤ ነገሩ ራሱ እየደበቀው ሄደ። ብዙ ቤት እንዲህ ነው የሚጀመረው፣ ልብ በሉ።

ከሁሉም የከበደው የጸበሉ ነገር ነው። አማቼ ከመንዝ መጥታ "አንድ ሱባዔ ብቻ ስጪኝ" አለች። የልጁን ጤና እንደምትሻ አውቃለሁ፤ ሰጠኋት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱንም ጠዋትና ማታ እንዲህ ስጪው ብዬ ጠርሙሱን አስይዤ። እዚያ አንድ አጥማቂ "መድኃኒትና ጸበል አይገናኝም፣ እምነትሽ ሙሉ ይሁን" ብሎ ይነግራታል። ጠርሙሱ ከሻንጣ ሳይወጣ ሰነበተ። ከዚያ ልጁን ጣለው። ሳይነቃ ደግሞ ጣለው። ደግሞ። "መንፈሱ እየለቀቀው ነው" ሲሉ እሷ ግን የልጁ ከንፈር ሲጠቁር አይታ በታክሲ ይዛው በረረች። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ የአልጋውን ጫፍ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፣ ነጠላዋ ተገልብጦ። አልተናገርኳትም። ምን እላለሁ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ እንዲህ የማያቋርጥ መጣል ሊያመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ያጠፋል። ፌኖባርቢታልም ይሁን ሌላ፣ የሚቀነሰውም የሚቆመውም በሐኪም ብቻ ነው። ፍሬው ወይም ጠርሙሱ ሳያልቅ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ "የለም፣ ሰኞ ኑ" የሚባልበት ቀን አይጠፋም።

ከዚህ በኋላ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። አማቼ ንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ እያለቀሰች ነገረቻቸው። እሳቸው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነበቡላት። እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም የሚለውን። ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው። ደቀ መዛሙርቱ "ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?" ብለው ሲጠይቁ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ የመለሰውን። አማቼ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ሁለቱንም በቃሏ ይዛ መጣች። አሁን ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አንድ ሰው ማሙሽን አይቶ "የማን ኃጢአት ይሆን" ብሎ ከንፈሩን ከመጠጠ ወዮለት። ጸበሉን ትወስደዋለች፣ ያጠምቁታል፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ትሰጠዋለች። እናንተም ከቤተሰብ ጋር በእምነት ጉዳይ አትጋጩ። "ወይ ጸበል ወይ ሐኪም" አትበሉ፤ የሚያምኑትን አባት፣ ሼኽ ወይም ፓስተር ቀድማችሁ አናግሩ። አማቼ ነገሩን ከእኔ ብቻ ብትሰማው ኖሮ እስከ ዛሬ አትቀበለኝም ነበር።

ቤት አከራይ ላይ ብዙ አልቆይም። ኮተቤ ተከራይተን ሳለን ሴትዮዋ "ሌሊት ሲያለቅስ ተከራይ ይረበሻል" ብላ አስወጣችን። እውነተኛው ምክንያት ምጥ የደረሰባት ምራቷ ከገጠር መምጣቷ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ ያለ ልጅ ካየች እንደዚያው ትወልዳለች ይባላል፣ ታውቁታላችሁ። አልፈረድኩባትም ልላችሁ ነበር፤ ፈርጄባታለሁ። ለማንኛውም ያ ነገር ነው ወደ የካ አባዶ ያመጣን። ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ለማግኘት ብዙ ተንከራተትን፣ ምክንያቱም ምድር ቤቱን ሁሉም ሱቅ ሊያደርገው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አያት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። መናገሻ ቼሻየር ደርሰን ስንመለስ ነው። ቼሻየር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያለ፣ አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ ድርጅት ነው፤ ፊዚዮቴራፒና የድጋፍ መሣሪያ የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ ጠይቁ። ለእኛ ግን ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ነው፣ ሲመሽ ነው የምንገባው። ማሙሽ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አዝዬዋለሁ፣ እግሩ ጉልበቴን እየመታ። በአንድ እጄ የእሱን ቂጥ ደግፌያለሁ፣ በሌላው ቦርሳና ፌስታል። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወይዘሮ ከሰልፉ ወጥተው መጡና አስር ብር የተጨበጠች እጁ ውስጥ ሊያስገቡ ይታገላሉ። እጁ አይከፈትም። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቁ "አይዞህ የኔ ጌታ፣ እግዚአብሔር ይማርህ" ይላሉ። ሰልፉ ሁሉ ያያል።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ሰው አካል ጉዳተኛ ልጅ ይዛ የቆመች እናት ሲያይ ለማኝ ናት ብሎ ያስባል። ጫማዬን ጠርጌ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ብወጣም ያው ነው። ድሮ ብሩን ተቀብዬ አንገቴን ደፍቼ እሄድ ነበር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወርውሬ ተጣልቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ክንዴ ዝሎ ነበርና ሳላስበው "እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኛ መንገደኛ ነን፤ ይልቅ ቦርሳዬን ይያዙልኝ" አልኳቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ። ብሩን ወደ መቀነታቸው መለሱና ቦርሳውን ተቀበሉኝ። ፌስታሉንም ጨመሩ። ሰልፉ ላይ አጠገቤ ቆሙ። ትንሽ ዝም ብለው "ስሙ ማነው?" አሉኝ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ምን ሆኖ ነው?" ነበር። ታክሲው ሲመጣ ረዳቱን እሳቸው ናቸው "ፊት ወንበር ልቀቅ" ብለው ያዘዙት፣ እስከ ሰፈር ድረስም እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ማታ ተኝቼ ይህንን አሰላሰልኩ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁ ነው ብር ያወጡት። ሌላው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ፊቱን ያዞራል፣ ሌላው ስላላወቀ ከንፈር ይመጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ሥራ እሰጣለሁ። ትንሽ፣ ቶሎ የምታልቅ፣ ልጄን የምታስነካ ሥራ። ማብራሪያ ከመስጠት ይህ ይበልጥ ሠርቶልኛል።

ለምሳሌ ባለሱቁ። ዳቦ ልገዛ ስሄድ ከእኔ ጋር ብቻ ነበር የሚያወራው፣ ማሙሽን አይቶት እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን ብሩን ለማሙሽ አስጨበጥኩትና "ከእሱ ተቀበል" አልኩት። የማሙሽ እጅ እስኪከፈት ጊዜ ይወስዳል። "ክፈት" ስትሉት ይባስ ይጨበጣል፣ ዝም ስትሉት ነው የሚላላው። ባለሱቁ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። አንዱ "ኧረ ቶሎ በል" ሲል ባለሱቁ ዞር ብሎ "ወረፋ ነው፣ እሱ ቀድሟችኋል" አለ። አሁን እኔ ብቻዬን ስሄድ "ደንበኛዬስ?" ነው የሚለው።

ረዳቶችም እንደዚሁ ናቸው። ዊልቸሩን ሲያዩ "አይጭንም፣ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ" ይላሉ። ከመከራከሬ በፊት "ወንድሜ፣ ይቺን ማጠፊያ ወደ ላይ ሳባት" እላለሁ። ሲስባት ወንበሯ ትታጠፋለች፣ ትንሽ መሆኗንም በእጁ ያያል። ሁሉም አይደለም፤ ጥሎኝ የሄደም አለ፣ ሰሌዳውን መዝግቤ የረገምኩትም አለ። ምክር ከፈለጋችሁ፣ ጠዋት ሥራ መግቢያና ማታ መውጫ ላይ አትውጡ፣ ተራ ከሚያስከብሩት ልጆች ጋር ተዋወቁ፤ አንድ ጊዜ ካወቋችሁ ረዳቱን የሚያዙት እነሱ ናቸው። ዊልቸር ስትቀበሉ ደግሞ የልጁ ልክ መሆኑን እዩ። ሰው በደግነት የሰጠን የመጀመሪያው የትልቅ ሰው ነበር፣ ልጄ ውስጡ ተንሸራቶ ጎኑ ተጣመመ። በመጨረሻ አናጢ ከጣውላ የሠራልን፣ እንደ ግድግዳ ማዕዘን ደግፎ የሚያስቀምጥ ወንበር ተሻለው። ሲበላም ቀና ብሎ ተቀምጦ ነው፤ በጀርባ አስተኝቶ ማጉረስ ምግቡን ሳንባ ውስጥ ይከታል።

ልጆች ከትልልቆቹ በጣም ይቀላሉ። አንድ ትንሽ ልጅ ደጃፍ ላይ "ለምንድነው ምራቁ የሚፈሰው?" ብሎ ሲጠይቀኝ እናቱ በጥፊ ልትመታው እጇን አነሳች። "ተይው ይጠይቅ" አልኩና "አፉን የሚዘጋው ጡንቻ ይደክመዋል፣ ስታየው በዚህ ጨርቅ ጥረግለት" ብዬ ጨርቁን ሰጠሁት። ጠረገለት። በቃ፣ ጨረሰ፣ ወደ ኳሱ ሄደ። ትንሽ ቆይተው መጥተው ማሙሽን ጠየቁኝ። ለምን እንደፈለጉት ስወጣ አየሁ፤ ለግቡ አንደኛው ቋሚ ድንጋይ ነው፣ ሁለተኛው ቋሚ የኔ ልጅ ከነዊልቸሩ። አማቼ እሪ አለች። ማሙሽ ግን እየሳቀ ነው፣ ኳሷ ጎማውን በመታች ቁጥር እየጮኸ። ላነሳው ስል አለቀሰ። ተውኩት። እስካሁን ቋሚ ነው። ሲከራከሩ ገብቷል አልገባም የሚለውን እሱን ነው የሚጠይቁት፤ አዎ ሲል ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ አይ ሲል ፊቱን ያዞራል። ያዳላል ይላሉ። ያዳላል፣ እኔም አይቻለሁ።

ቡና ላይ የሆነው ደግሞ አስደንጋጭ ነበር። ከብሎኩ ሴቶች ጋር ስንጠጣ ማሙሽን ጣለው። አንዷ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ስር አመጣች። ሌላዋ ማንኪያ ጥርሱ መሀል ልትከት ነው። አንዷ ልጆቿን ጎትታ "አረፋው እንዳይነካችሁ!" እያለች በረረች። እያንዳንዳቸውን በሥራ ያዝኳቸው። "አንቺ ሰዓት ያዢ። አንቺ ረከቦቱን አርቂ። አንቺ ነጠላሽን አጥፈሽ ከጭንቅላቱ ስር አድርጊ።" እኔ በጎኑ አስተኛሁት፣ የአንገቱን ቁልፍ ፈታሁ። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። እጅና እግሩ ተጨምቆ አይያዝም። ክብሪት ሰው አያነቃም፣ ያቃጥላል እንጂ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ሐኪም ቤት ነው። ሰዓት የያዘችው ሴትዮ እጇ እየተንቀጠቀጠ "ሁለት ደቂቃ... ሁለት ተኩል..." ስትል ቆመለት። ልጆቿን ይዛ የሮጠችው ማታ መጥታ ደጄ ላይ ቆማ "ምን ማድረግ ነበረብኝ?" አለችኝ። ነገርኳት። በሌላ ጊዜ እኔ በሌለሁበት ጎኑ ላይ ያስተኛችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ለሌላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። "ጀግና እናት ነሽ"፣ "እግዚአብሔር መርጦሽ ነው የሰጠሽ" የምትሉን ነገር፣ በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ይደክማል። ጀግናን ማንም ቡና አይጠራውም፣ ጀግና "ዛሬ አልቻልኩም" አይልም። ይልቅ "ገበያ ልሂድልሽ?" በሉን። "ግማሽ ሰዓት ልያዝልሽና ታጠቢ" በሉን። ልደት ስታደርጉ ልጃችንን ጥሩት፣ ካልተመቸው እኛው እንመልሰዋለን። ስለ እሱ ስትጠይቁ ደግሞ ከአናቱ በላይ አትጠይቁን፣ እሱ ይሰማል።

ስለ አደባባይ ሳወራ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የነበራት፣ ስሟ የታወቀ ሴት ናት። ልጇ ኦቲዝም አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፣ እስካረፈችበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስም ሚዲያ ላይ ወጥታ ስለ ልጇ ሳትሸማቀቅ ታወራ ነበር። የእኔ ልጅ ችግር ሌላ ነው፤ ግን ባለቤቴ እሷን በቴሌቪዥን ሲያይ ድምፁን ጨምሮ እስከ መጨረሻው እንዳየ አስታውሳለሁ። ምንም አላለም። በሚቀጥለው የእድር ድንኳን ላይ ማሙሽን ራሱ አቅፎት በቀን ወጣ፣ ወንዶቹ መሀል አስቀመጠው። አንዱ ካርታ ተጫዋች ካርታውን ለማሙሽ አሳይቶ "ይሄን ልጣል?" እያለ ሲያማክረው ዋለ አሉ። ከተሸነፈም የሚያሳብብበት አገኘ።

እንዲህ መታየት ስንጀምር ሌሎች እናቶች ተገኙ። ከየብሎኩ። እኛ ብቻ ነን ብለን ስንኖር እዚያው ግቢ ውስጥ ዳውን ሲንድሮም ያለባት ልጅ አለች፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ጎረቤቷ እንኳ መኖሩን የማያውቀው ልጅ። የእሱን እናት ያገኘኋት ቆሻሻ ስትጥል ነው፤ ከማሙሽ ዓይኗን አልነቅል ስትል "አንቺም አለሽ?" አልኳት። አለቀሰች። እሁድ ከሰዓት በጋራ መገልገያው ቤት እንገናኛለን። መዋጮም ስብሰባም የለውም፤ ሁለታችን ልጆቹን ስንይዝ ሌሎቹ ይሄዳሉ፣ ፀጉር የሚሠራ ይሠራል፣ የሚተኛም ይተኛል። ይህን አድርጉ። ሰፈራችሁ ውስጥ ማንም የለም ካላችሁ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ወረፋ ላይ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

የቀረው ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ በጨዋ ደንብ "እኛ ባለሙያ የለንም፣ የሚመለከተው ቦታ ውሰጂው" አለኝ። የትኛው ቦታ? አይታወቅም። ወረዳ ሄድኩ፤ የሚመለከተው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ይላል። እሺ፣ ይበል። ልጄን ዘበኛው ጋ አስቀምጬ ("ጎማውን ይያዙልኝ") ወጣሁ። ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ትምህርት ሚኒስቴርም የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አለው። እኔ ይህን በወረቀት ጽፌ፣ ከሐኪም ማስረጃው ጋር አያይዤ፣ ከወረዳው ደብዳቤ ይዤ ነው የተመለስኩት። መጮህ አላስፈለገኝም። ደብዳቤ የያዘ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

ያም ሆኖ በሩን የከፈተው ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ርዕሰ መምህሩን "እስቲ እርስዎ ራስዎ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፣ አዎ ወይም አይ የሚባል" አልኩት። ተቸገረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቡናን ትደግፋለህ?" አለው። ማሙሽ ፊቱን አዞረ። "ጊዮርጊስን?" ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ተንከተከተ። ርዕሰ መምህሩ የቡና ደጋፊ ኖሯል፤ "ከእሱ ጋርማ ገና እንተያያለን" ብሎ መዝገቡን ሳበ። ለሙከራ በሚል ተቀበሉት። አንዳንድ ወላጆች "ልጆቻችን ያዩትን ይቀዳሉ፣ ይረበሻሉ" ብለው አቤት ብለዋል። መምህርቷ የቅሬታ ደብዳቤ ከመመለስ ይልቅ ተማሪዎቹን በተራ ዊልቸር ገፊ አደረገቻቸው፣ አሁን ተራዬን ተነጠቅሁ ብሎ የሚያለቅሰው የከሳሾቹ ልጅ ነው። አማቼ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፣ ማሙሽን የሚያስጨንቀው ጥድፊያ ብቻ ነው ትላለች። በዚያው እሷም ፊደል ለይታለች።

ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ነው። ለምታስመዘግቡ አንድ ነገር፣ የልጃችሁ ክፍል ምድር ላይ እንዲሆን ነሐሴ ውስጥ ሄዳችሁ ተናገሩ። መስከረም ላይ ከሆነ "ተደልድሏል" ይሏችኋል። ሽንት ቤቱንም ያኔውኑ ገብታችሁ እዩት፣ ዊልቸሩ በሩን ካላለፈ የሚሠራ አናጢ ፈልጉ እንጂ እንዲያሰፉላችሁ አትጠብቁ።